ሦስት ጣት ነገ

የጋሼ ጂግሶን ሞት የነገረኝ ከዲላ የመጣው አውቶቡስ ረዳት ነው። ሻሸመኔ ካለው የልብስ ስፌት ሱቄ በር ላይ ቆሞ፣ "ኑሪ ልኮኝ ነው። ጋሼ ጂግሶ አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ ይምጣ ብሏል" አለኝ። እኔ እንኳን ለማውቀው ለማላውቀውም ሰው አልቃሽ ነኝ። በመንገድ የሚያልፍ ቀብር ካየሁ ተከትዬ ሄጄ ከቤተ ዘመዱ በላይ ስለማለቅስ፣ ሰው የሟች ወንድም መስዬው ደግፎ ወደ ቤት የመለሰኝ ጊዜ አለ። ያን ቀን ግን እንባዬ ከመምጣቱ በፊት እጄ ወደ ሱሪዬ ጫፍ ሄደ። ጎንበስ ብዬ እጥፋቱን ዳሰስኩ። ረዳቱ የጫማዬን ክር የማስር መስሎት ቆሞ ጠበቀኝ።

ጋሼ ጂግሶን የሚያውቅ ሰው ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎ አይጠይቀኝም። ለማያውቅ ላስረዳ።

ጋሼ ጂግሶ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ተወልደው ያደጉት ከዲላ አጠገብ፣ ጪጩ ነው። ዲላ ላይ፣ የቡና መጋዘኖቹ ፊት ለፊት ባለው ረጅም በረንዳ ሥር የስፌት መኪናቸውን ከተከሉ እኔ ስመጣ ሃያ ዓመት ሆኗቸው ነበር። በዚያ በረንዳ አሥራ ሁለት መኪና ተደርድሯል። አሥራ ሁለታችን አንድ ጊዜ ስንረግጥ ድምፁ ይርጋ ጨፌ ድረስ ይሰማል፤ ዝናብ መጣ ብለው ያሰጡትን ቡና እየተሯሯጡ ያነሡ ሰዎች እንደነበሩ በሚገባ አውቃለሁ። የማያምን ካለ ይርጋ ጨፌ ሄዶ ይጠይቅ።

እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ነው የሄድኩት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፣ ፀጉሬን ወደ ጎን እሰነጥቃለሁ፣ እንግሊዝኛም እችላለሁ እል ነበር። ይህቺን "እል ነበር" ያዙልኝ፤ እንመጣባታለን።

የጋሼ ጂግሶ ቁመት አጭር ነው፤ ጣታቸው ግን ለሌላ ሰው ታስቦ የተሠራ ይመስል ነበር። የሳቸው ሦስት ጣት የኔ አምስት ነው። ሜትር አንገታቸው ላይ አይጠፋም፤ እሱ ግን ለደንበኛ ክብር ነው፤ የሚለኩት በጣት ነው። አማርኛቸው ከጌዴኦኛ ጋር ተጋብቶ የተወለደ ነበር። አንቱ የሚባለው ነገር ከነጭራሹ አልገባበትም፤ ለአውራጃው ገዥም፣ ለእረኛም፣ ለእግዚአብሔርም "አንተ" ነው። ልብስ ሁሉ ሴት ነው። ልጅ ደግሞ እንደ ቀኑ ነው።

እኔ ጎበዙ አንድ ቀን አረምኳቸው። "ጋሼ፣ ወንድ ልጅ 'እሷ' አይባልም" አልኳቸው።

"ሱሪዋን ትልበስ፤ ያን ጊዜ ወንድ ትሆናለች" አሉኝ መርፌያቸውን በከንፈራቸው ይዘው። ከዚያ ወዲህ አላረምኳቸውም። አንደበቴ ስለማያርፍ "መቀሱ" ብለው ስም አወጡልኝ፤ በረንዳው ሁሉ ተቀበላቸው፤ ዛሬም ዲላ ስገባ አባቴ ያወጣልኝን ስም የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ ሱሪው ጫፍ ልመለስ። አንዲት እናት ለተማሪ ልጇ ካኪ ይዛ ስትመጣ፣ ጋሼ ጂግሶ ወገቡን ከመለካታቸው በፊት ልጁን ባዶ እግሩን ድንጋይ ላይ ያቆሙታል። መጀመሪያ የሚያዩት የእግሩን መዳፍ ነው። ቀጥሎ የእናቲቱን ትከሻ። ከዚያ ይጠይቃሉ።

"ወንድምሽ ቁመቷ ስንት ነው?"

"ረጅም ነው፣ ጋሼ።"

"የበሩን ጉበን ትነካለች?"

"ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው።"

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞር ይሉና፣ "መቀሱ፣ አራት ጣት ነገ" ይሉኛል።

ሌላው ሰፊ "ትርፍ" የሚለውን፣ በሱሪው እግር ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ የሚቀመጠውን ጨርቅ ጋሼ ጂግሶ "ነገ" ነበር የሚሉት። ሁለት ጣት ነገ፣ ሦስት ጣት ነገ። ለሚፋፋ ልጅ አምስት። ልጁ በዓመቱ ሲመጣ አንድ ጣት ይፈቱለታል፤ የተፈታው ቦታ ፀሐይም ሳሙናም ያልነካው ስለሆነ ጥቁር መስመር ሆኖ ይቀራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መስመር። የዲላ ልጅ ዕድሜውን ቢዋሽ ሱሪው ያጋልጠዋል። በአንድ ሱሪ አንደኛ ክፍል ገብቶ፣ በዚያው ሱሪ ሚስት አግብቶ፣ ሱሪውን ለመጀመሪያ ልጁ ያወረሰ ሰው አውቃለሁ ብል አጋነነ ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ሚስት አላገባበትም። ታጭቷል ግን።

"ከየት አመጡት ይህን?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ከእንሰት" አሉኝ። "አባቴ እንሰት ተከለ። ያኔ እኔ አልተወለድኩም። እሱ ተርቦ ነው የተከለ? ለሆዱ ቢሆን ጎመን ይተክላል። እንሰት የሚተከል ለሚመጣ ሰው ነው። ሱሪም እንዲያ ነች።"

አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ታሞ የከሳ ልጅ አዝላ መጣች። ለበዓል ሱሪ ፈለገች። ጋሼ ጂግሶ እግሩን አይተው "አራት ጣት" ሲሉ እሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ለአሁኑ ብቻ ይሁንለት፣ ጋሼ። ምንም አይተዉ" አለቻቸው። ጋሼ ጂግሶ ካኪዋን ተቀብለው አጣጠፉት። ማታ ሱሪውን ቀምቅመው ሲጨርሱ ዳሰስኩት፤ አምስት ጣት ትተዋል። ከራሳቸው ካኪ ጨምረው ነው።

"ለአሁኑ ብቻ ነበር ያለችው" አልኳቸው።

"ያለችው በአፏ ነው" አሉኝ።

ያ ልጅ በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጣት ተፈታለት። ከዚያ እናትና ልጅ ወርቃ ወደሚባል መንደር ሄዱ አሉ፤ የቀረው ሦስት ጣት የት እንደደረሰ አላውቅም።

የበረንዳችን ኑሮ እንደ ቡናው ነበር። ቡና ሲለቀም አገሩ ሁሉ ልብስ ያሰፋል፤ እንቅልፍ የለም። ቡናው ሲያልቅ ልብሱም ያልቃል። ክረምት ሲገባ አሥራ ሁለቱ መኪና ጆንያ ይለብስና ሰፊው ይበተናል፤ ገሚሱ ጭነት ሊሸከም፣ ገሚሱ ዘመድ ደጅ ሊጠና። ከሄዱት ውስጥ በመስከረም የማይመለስ አለ። ጋሼ ጂግሶ በየመስከረሙ መኪኖቹን ይቆጥሩና የጎደለችውን ቦታ እያዩ ምሳቸውን ይተዋሉ። በተለይ ለኑሪ ይሰጉ ነበር። ኑሪ ከአጠገቤ የሚሰፋ የስልጤ ልጅ ነው፤ እጁ ፈጣን፣ ሚስቱ እርጉዝ፤ "የዘንድሮ ክረምት ሥራ ከጠፋ መኪናዬን ሸጬ ሄድኩ" ብሎ ለሁላችንም ነግሮናል።

እንዲህ ባለው ጊዜ ነው አቶ ፍስሐ የመጡት። አቶ ፍስሐ ፊት ለፊታችን መጋዘን ያላቸው ቡና ነጋዴ ናቸው። ቡናቸው ባሕር ይሻገራል። ሰውነታቸው ደግሞ ከቡናቸው በፊት ይሻገር ነበር፤ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ወንበሩ "እግዜር ይቅር ይበልህ" ሲል ሰምቼዋለሁ። አንድ የካኪ ጣቃ አስይዘው በረንዳው ላይ ቆሙ።

"ይህ ጨርቅ ከየት ነው?" አሉን።

ጋሼ ጂግሶ በሁለት ጣት አሹት። "የአገራችን ፋብሪካ።"

"ጥጡ የኛ፣ ክሩ የኛ፣ ጨርቁ የኛ። ሰፊው ግን ክረምቱን ቁጭ ብሎ ዝንብ ያባርራል። ቡናችን የተሻገረውን ባሕር ሱሪያችን የማይሻገረው ለምንድን ነው?"

ቡና የሚገዟቸው ሰዎች አገር ላይ የልጆች ሱሪ የሚያከፋፍል ሰው አግኝተዋል። ገበያው ላይ የሕንድም የጃፓንም ሱሪ ሞልቷል፤ የኛ ጨርቅ ግን ጠንካራ ነው፤ ስፌቱ ካማረ ገብተን እንወዳደራለን አሉ። መጀመሪያ ሃምሳ ሱሪ ለናሙና ይሄዳል፤ ከተወደደ ትእዛዙ ዓመቱን ሙሉ ይመጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚለውን ሲሰማ የኑሪ እግር ከመርገጫው ላይ ወረደ።

ከሱሪው ንድፍ ጋር በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበረ። ለኔ ተሰጠኝ። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ቁጥር በየትም አገር አንድ ነው። "የእግሩ እጥፋት ሁለት ሳንቲ ሜትር" አልኩ። ጋሼ ጂግሶ በጣታቸው ለኩት።

"አንዲት ጣት።"

"አንዲት ጣት።"

"ተሳስቶ ነው" አሉ። "ጸሐፊው ልጅ የላትም።"

እኔም ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ። ጨርቁ የተሰፈረው ለአንድ ጣት እጥፋት ነው፤ ጋሼ ጂግሶ ግን ንድፉን ጨርቁ ላይ ሲያጋድሙት አንዱን እግር በሌላው ጉያ አስገብተው፣ ጉንዳን የሚያልፍበት ክፍተት ሳይተዉ ቆረጡት። ከሚጣለው ብጣሽ ላይ ነገን አወጡ። ሃምሳውም ሱሪ በሦስት ሦስት ጣት ነገ ተቀመቀመ። ተተኩሶ ሲደረደር እንዲህ የሚያምር ነገር አላየሁም። በጆንያ ተሰፍቶ በቡና መኪና ሄደ።

ሃምሳ ሆኖ ሄደ፤ ሃምሳ ሆኖ ተመለሰ።

አቶ ፍስሐ ጆንያውን እበረንዳው ላይ አስጥለው ላባቸውን ጠረጉ።

"ጋሼ ጂግሶ፣ ወረቀቱ ስንት ይላል?"

"አንዲት ጣት።"

"እርስዎ ስንት አጠፉ?"

"ሦስት።"

"ለምን?"

"ልጅ ያድጋል።"

"ለፈረንጅ ልጅ ነው እኮ የሰፉት።"

"የፈረንጅ ልጅ አታድግም?"

"ታድጋለች" አሉ አቶ ፍስሐ፤ እሳቸውም ሳይታወቃቸው ተጋባባቸው። "ስታድግ ግን አዲስ ይገዛላታል። ገበያው የቆመው በዚህ ነው። እርስዎ የሚመጣውን ዓመት ሽያጭ በዘንድሮው ሱሪ ውስጥ ሰፍተው ላኩላቸው። የሕንዱ አንድ ጣት፣ የጃፓኑ አንድ ጣት፣ የዲላ ሦስት ጣት። እጥፋቱ ወፈረ፣ ከሌላው ጋር አልደረደር አለ ብለው መለሱት።"

ጋሼ ጂግሶ አንዱን ሱሪ አንሥተው ጫፉን ይዳስሱ ጀመር። "ታዲያ ይቺ ልብስ ነች ወይስ ጋዜጣ ነች? ዛሬ አንብበህ ነገ ስኳር የምትጠቀልልባት?"

"ጋዜጣም ሆነ ምንም፣ አንድ ዕድል ለምኜ አግኝቻለሁ። አራት መቶ ሱሪ፣ በወረቀቱ ልክ። ይህ ደግሞ ከተመለሰ ትእዛዙ ሌላ አገር ይሄዳል። እኔ ቡናዬን እሸጣለሁ። እናንተ ግን..." ብለው በረንዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ሁላችንም እግራችንን አየን።

ጋሼ ጂግሶ ሁለት ቀን ከነዚያ ሱሪዎች ጋር ዋሉ። የተመለሰውን ሃምሳ ሱሪ እጥፋት በራሳቸው እጅ ፈትተው፣ ሁለት ሁለቱን ጣት ቆርጠው አወጡት፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቀዱም። አንድ መቶ የካኪ ቁራጭ ጭናቸው ላይ ተከመረ። እሱንም አልጣሉትም፤ እየገጣጠሙ ሰፍተው ከሱ ለመንደሩ ልጆች ሦስት ሱሪ አወጡ። ልጆቹ ሲሮጡ በስፌቱ ብዛት መቶ እግር ትል ይመስሉ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ "እሺ፣ አንዲት ጣት" አሉ። ደስ አለን። አዲሱ ካኪ መጣ፤ እሳቸው ይቆርጣሉ፣ እኛ እንገጥማለን። አንዱን አንሥቼ የመቀመጫውን የኋላ ስፌት ልገጥም ስል ጠርዙ ከመጠኑ በላይ ሰፍቶ አገኘሁት።

"ጋሼ፣ ከኋላ በኩል ተርፏል።"

"ወረቀቱን አንብብልኝ። ስለ እግር ምን ይላል?"

"አንዲት ጣት።"

"ስለ ኋላ ምን ይላል?"

አየሁት፤ ገልብጬም አየሁት። "ስለ ኋላ ምንም አይልም።"

"እንግዲያስ እሱ ዝም ባለበት እኛም ዝም እንላለን" አሉኝ። "ልጅ በእግሯ ብቻ ነው የምታድግ?"

ፈራሁ። "ከታወቀ እኮ የሚበተነው አሥራ ሁለት ሰው ነው። እርስዎ ብቻ አይደሉም" አልኳቸው። ይህን ስላቸው መቀሱን አስቀመጡ። ተነሥተው ሁሉንም ጠሩ። በአገራቸው ሽማግሌዎች ለነገር ሲቀመጡ እንደሚያደርጉት ክብ አስቀምጠውን የሠሩትን ሳይደብቁ ተናገሩ። "አንድ ሰው እምቢ ካለ ሁሉንም አጠብባለሁ" አሉ። ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ዞሮ ኑሪ ዘንድ ደረሰ።

ኑሪ ጨርቁን ይዞ ቆየ። "ጋሼ፣ ሚስቴ ልትወልድ ወር ቀርቷታል" አለ። "የፈረንጅ ልጅ አደገች አላደገች ለኔ ልጅ ምኗ ነው?"

"ልክ ነህ" አሉት። መቀሱን አነሡ።

"ቆይ" አለ ኑሪ። ጨርቁን አልለቀቀም። "ስንት ጣት ነው የተዉት?"

"ሦስት።"

"አንድ ያድርጉት።"

"በአንዲት ጣት ምን ይታደጋል? ሁለት ተኩል።"

"አንድ ተኩል።"

እኔ በሕይወቴ በበግ ዋጋ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ በነገ ዋጋ ሲከራከሩ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለት ጣት ላይ ተስማሙ። ኑሪ እጁን ሲሰጥ፣ "እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ዘመን ነገ ስሰፋ ኖሬ፣ ለዛሬ ብቻ ስፋ ብባል እጄ ይሳሳታል" አለ።

አራት መቶው ሲያልቅ አቶ ፍስሐ ሊፈትሹ መጡ። ሜትር ይዘው እግሩን ለኩ፤ አንዲት ጣት። ሌላ መዘዙ፤ አንዲት ጣት። ከዚያ አንዱን ሱሪ ገለበጡና እጃቸው የኋላው ስፌት ላይ አረፈ።

"ይቺ ምንድን ናት?"

ኑሪ ዓይኑን ጨፈነ።

"አቶ ፍስሐ" አሉ ጋሼ ጂግሶ ረጋ ብለው፣ "ያንተን ሱሪ ስንት ዓመት ሰፋሁ?"

"አሥር ዓመት ይሆናል።"

"ስንት ጊዜ ከኋላ ፈታሁልህ?"

አቶ ፍስሐ ግራ ቀኝ አዩ። አንድ እጃቸው ሳያስቡት ወደ መቀመጫቸው ሄደ። "ሦስት ጊዜ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እዚያ ነገ ባልተውልህ ዛሬ በምን ትቀመጥ ነበር?"

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላስታውስም። የተሰጣ ቡና የሚያነሡት የይርጋ ጨፌ ሰዎች ያን ቀን ነጎድጓድ መስሏቸው ሳይሆን አይቀርም። አቶ ፍስሐ ሱሪውን መልሰው ገለበጡት፣ አጣጠፉት፣ ከክምሩ ላይ አኖሩት። "ወረቀቱ ስለ እግር ነው የሚለው" አሉ። "እኔም ያየሁት እግር ነው።"

ጆንያው ሊሰፋ ሲል ጋሼ ጂግሶ ወደ ጎን ሳቡኝ። "መቀሱ፣ እናቶቹ በምን ያውቃሉ? ያልተነገረ ነገ ብጣሽ ነው። በእንግሊዝኛ ጻፍልኝ። ከኋላ ነገ አለ፣ ልጅሽ ሲያድግ ፍቺው፣ በልልኝ። ከደረሳቸውም መልስ ይጻፉ።"

በየኪሱ ይግባ ነበር ያሉት። እጄ ይደክማል ብዬ በአንድ አስማማኋቸው፤ የሚደክመው እጄ እንዳልነበረ አሁን እናገራለሁ። "ነገ" በእንግሊዝኛ አውቃለሁ። "ከኋላ" አውቃለሁ። "አለ" ማንም ያውቃል። "ፍቺው" አላውቅም፤ ስለዚህ ዘለልኩት። ሦስቱን ቃል ጎን ለጎን አስቀምጬ፣ ሥር ላይ ዲላ ብዬ ፈርሜ ሰጠኋቸው። ጋሼ ጂግሶ ወረቀቱን ገልብጠው እንደያዙት አዩት፤ በጣም ደስ አላቸው፤ ከላይ ባለው ሱሪ ኪስ ውስጥ በሁለት ጣታቸው አስገቡት።

ሱሪው ተቀባይነት አገኘ። ያን ክረምት በበረንዳችን ላይ ጆንያ የለበሰ መኪና አልነበረም። ኑሪ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ጋሼ ጂግሶ ለጨቅላው በሰፉት ልብስ ላይ የተዉት ነገ ከልብሱ ይረዝም ነበር። በመስከረም መኪኖቹን ቆጠሩ፤ አሥራ ሁለት። ምሳቸውን በሉ።

በሁለተኛው ዓመት ወረቀቱ ተለወጠ። የሌላ አገር ሰፊዎች እጥፋቱን ወደ ግማሽ ጣት አውርደዋል፤ ክሩንም አቅጥነዋል፤ ገበያው እሱን ወደደ። አቶ ፍስሐ ሳያፍሩ ነግረውናል፤ ታግለዋልም። ጋሼ ጂግሶ "ግማሽ ጣት" የሚለውን ሲሰሙ ትንሿን ጣታቸውን አውጥተው ግማሿን በአውራ ጣታቸው ሸፍነው አዩአት። "ይቺ ነገ አይደለችም" አሉ፤ "ከሰዓት በኋላ ነች።" ትእዛዙ በዚያው ቀረ። ኑሪ ግን ልጁም መኪናውም ዲላ ሥር ሰድደው ስለነበር አልሄደም። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ሻሸመኔ ላይ የራሴን ሱቅ ልከፍት።

ለስንብት ከዚያው ካኪ ትራፊ ሱሪ ሰፉልኝ። ዳሰስኩት፤ ጫፉ ላይ ሦስት ጣት።

"ጋሼ፣ እኔ ማደግ ከጨረስኩ ቆየሁ እኮ።"

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ወደ ላይ ጨርሰሃል" አሉኝ። ስለ ጥበብ የተናገሩ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ዲላ በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ "መልስ መጣ?" እኔም ቀልደኛው፣ "የፈረንጅ ፖስታ በግመል ነው የሚመጣው፣ ጋሼ፤ ግመሉ ደግሞ ባሕሩ ዳር ቆሟል" እላለሁ። እሳቸው ይስቃሉ፤ በዓመቱ ደግመው ይጠይቃሉ። ኑሪ እየሰማ ይስቅብኛል።

ሻሸመኔ ውስጥ አንድ ቀን አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ኮት ሊያሰፋ መጣ። ነገሩ ሲከነክነኝ ኖሮ ሦስቱን ቃል ጽፌ አሳየሁት። አስተማሪው መነጽሩን አስተካከለ። "ይህ የዛቻ ደብዳቤ ነው?" አለኝ።

"ምን ይላል?"

"ነገ ከኋላችሁ ቀርቷል፣ የሚመጣ ነገር የላችሁም እንደ ማለት ነው። ማን ነው የጻፈው? ቂም ያለው ሰው ይመስላል።"

ሳቅኩ። ሰውየው እስኪወጣ ድረስ ሳቅኩ። ከዚያ መቀሱን ይዤ ምን ልቆርጥ እንደነበር ጠፋኝ። ባሕር ማዶ ያለች አንዲት እናት የልጇን አዲስ ሱሪ ኪስ ስትፈትሽ፣ ከጋሼ ጂግሶ የተላከላት ቃል ይህ ሆነ። ለሳቸው ልነግራቸው በየዓመቱ ተነሥቼ በየዓመቱ ስለ ግመል አወራሁ። መጨረሻ ያየኋቸው ጊዜ ዓይናቸው ደክሞ ክር ለማስገባት የኑሪን ልጅ ይጠሩ ነበር። ያኔም ጠየቁኝ። ያኔም ግመሉን አመጣሁት።

እንግዲህ ረዳቱ ያን መልእክት ሲነግረኝ ወደ ሱሪዬ ጫፍ ያጎነበስኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሱቄን ዘግቼ ቤት ገባሁና የስንብቱን ሱሪ ከሣጥን አወጣሁ። አራት ዓመት ለብሼው ፀሐይና ሳሙና አንጥተውታል፤ ከዚያ ወዲህ ሆዴ ከኔ ቀድሞ መሄድ ስለ ጀመረ ተጣጥፎ ኖሯል። ሌላ ሱሪ ለብሼ እሳቸውን መቅበር አልሆነልኝም። አጠለቅሁት። እግሩ ልክ ነው። ወገቡ ላይ ግን ቁልፉና የቁልፉ ቀዳዳ እንደ ተጣሉ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ቆመው ቀሩ። በመካከላቸው ያለውን ለካሁት፤ ሦስት ጣት። የኔ ሳይሆን የሳቸው።

አውልቄ ገለበጥኩት። ከኋላ፣ በስፌቱ ውስጥ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተጋድሞ ሦስት ጣት ካኪ አለ። አራት ዓመት ተቀምጬበት፣ አሥር ዓመት ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በጫፉ ስኮራ የሰፉልኝን ሌላውን አላየሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ ባዩ እኔ። ክሩን በምላጭ አንድ በአንድ ፈታሁ፣ መልሼ ገጠምኩ፣ ለበስኩት። ቁልፉ ምንም ሳይጨነቅ ገባ።

ነገ ከኋላ ነበር። በእንግሊዝኛም በአማርኛም።

በማግስቱ ዲላ ደረስኩ። ሰዉ በጌዴኦኛ እየዘመረ ሸኛቸው። የበረንዳው ሰዎች አንድ ላይ ቆመናል፤ አቶ ፍስሐም በከዘራ መጥተዋል። አፈሩ ሊመለስ ሲል ከኋላዬ የቆመው ኑሪ ትከሻዬን ነካኝ።

"መቀሱ፣ ኋላህ ላይ ጥቁር መስመር ወጥቷል።"

"ፈትቼው ነው" አልኩት። "ትናንት ገና አገኘሁት።"

ኑሪ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ሲያየው ተሰማኝ።

"እንግዲያስ መልስ መጣ በላቸዋ" አለኝ።

ወደ መቃብሩ ጎንበስ አልኩ። ሰዉ የጫማዬን ክር የማስር መስሎት ጠበቀኝ። ነገርኳቸው።